በጽሑፍ ያለ ሁሉ ይወረሳልን?

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ ኖረዋል። ይህን ምሳሌ እኛም ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ በቃላችን ይዘነዋል፤ በድርሰቶቻችን መግቢያ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍነውም ቆጥረን አንዘልቀውም። ዳሩ ግን በባዮሎጂ ላቦራቶሪዎቻችን ያለውን የመዝገብ አያያዝ ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ምሳሌው ግማሽ እውነት ብቻ ሆኖ ይታየዋል። እኛ እንጽፋለን፤ የጻፍነው ግን ለሚከተለን አይደርስም። ይህ ስለ ምን ሆነ? መድኀኒቱስ ምንድን ነው? ስለዚሁ ነገር ያለንን ሐሳብ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች ለማካፈል ብዕራችንን አንሥተናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ ይህን አስቀድመን መናገራችን ያለ ምክንያት አለመሆኑን አንባቢ ኋላ ይረዳዋል።

በመጀመሪያ በራሳችን ላይ የደረሰውን እንናገር። ከእኛ መካከል ሁለቱ ለመመረቂያ የሚሆን ምርምር የጀመሩት አንድ ቀድሞን የተመረቀ ወንድማችን ከተወው ሥራ ተነሥተው ነበር። ሥራው ከጥሬ ወተት ውስጥ የሚገኙ ባክቴሪያዎች የትኛውን መድኀኒት እንደሚቋቋሙ መመርመር ነው። አሠራሩ ለባዮሎጂ ተማሪ የታወቀ ነው። ባክቴሪያው በአጋር ሳሕን ላይ ይዘራል፤ መድኀኒት የጠጡ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል፤ ሳሕኑ በኢንኩቤተር ውስጥ ያድራል፤ በማግሥቱም በየወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካል። እንደ ባክቴሪያውና እንደ መድኀኒቱ ዐይነት ቢለያይም፥ ብዙውን ጊዜ ሳሕኑ መነበብ ያለበት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያህል ከቈየ በኋላ ነው። ያለጊዜው የተነበበ ሳሕን እንደ ውጤት አይቈጠርም።

ወንድማችን የተወልን አንድ ደብተርና አንድ ፍላሽ ነበር። በፍላሹ ውስጥ ሦስት ሠንጠረዦች ተገኙ፤ አንዱ «የመጨረሻ»፥ ሁለተኛው «የመጨረሻ 2»፥ ሦስተኛው «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚል ስም አላቸው። የሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ከሁሉም የከፋው ግን ሰዓቱ ነው። በየሳሕኑ አንጻር «10 ገባ፥ 4 ተነበበ» ተብሎ ተጽፏል። በእኛ ሰዓት ከሆነ ሳሕኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ገብቶ በማግሥቱ ጧት በ4 ሰዓት ተነቧል፤ ይህም 18 ሰዓት ስለሚሆን ደኅና ነው። በኮምፒዩተሩ ሰዓት ከሆነ ግን ጧት በ10 ገብቶ ከቀትር በኋላ በ4 ተነቧል፤ ይህም 6 ሰዓት ብቻ ነውና ውጤቱ ከንቱ ነው። ወንድማችንን በስልክ ብንጠይቀው እርሱ በእኛ ሰዓት ይጽፍ እንደ ነበር፥ አብሮት የሚሠራው ልጅ ግን አንዳንድ ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ላይ እያየ ይገለብጥ እንደ ነበር ነገረን። የትኛው መሥመር የማን እንደ ሆነ ግን እርሱም አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ምን ይደረጋል? ሁሉም ተጣለ። ሁለት ወር የፈጀው ሥራ ከሥሩ እንደ ገና ተጀመረ። በውጭ ምንዛሪ የተገዙት የመድኀኒት ወረቀቶች አለቁ፤ ሌላ እስኪመጣ ተጠበቀ። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን ሌላ ነገር ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ላማቸውን አልበው፥ ለልጆቻቸው ከሚሰጡት ወይም ከሚሸጡት ወተት ላይ ቀንሰው «ለትምህርት ከሆነ ውሰዱ» ያሉን እናቶች ነበሩ። የእነርሱ ወተት በደብተራችን ላይ ወደማይነበብ ቁጥር ተለወጠ። ሁለተኛ ጊዜ ልንለምናቸው ስንሄድ «ያ ያለፈውስ ምን ሆነ?» ብለው ቢጠይቁን መልስ አልነበረንም።

ወንድማችንን ለመውቀስ አይደለም። እርሱ በተቻለው ሠርቷል፤ ማንም ያላስተማረውን ሊያውቅ አይችልም። እኛም ብንሆን ደብተራችንን ብናገላብጥ ከዚያው ዐይነት ጥፋት ንጹሓን አይደለንም። በአራት ዓመት ትምህርታችን ማይክሮስኮፕ እንዴት እንደሚያዝ፥ ሳሕን እንዴት ከጀርም እንደሚነጻ ተምረናል። ቁጥር እንዴት እንደሚያዝ ግን የነገረን የለም፤ እንደ ቀላል ነገር ታልፏል።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ሌላው ዓለም ደግሞ እንመልከት። በ2014 ቲሞቲ ቫይንስና ባልደረቦቹ ከ2 እስከ 22 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 516 የባዮሎጂ ጽሑፎች ይዘው የጥሬ መረጃቸውን መኖር ጸሐፊዎቹን ጠይቀው ነበር። ያገኙትም ውጤት፥ ጽሑፉ አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር መረጃው የመገኘቱ ዕድል በ17 በመቶ እየቀነሰ መሄዱን የሚያሳይ ነው። መረጃው የጠፋው በእሳት ወይም በጦርነት አይደለም። የኢሜይል አድራሻ ተለወጠ፤ የቀድሞው ዲስኬት የሚነበብበት መሣሪያ ጠፋ፤ ያ ብቻ ነው። ጽሑፉ በመጽሔት ታትሞ ይኖራል፤ የቆመበት መሠረት ግን ከሥሩ ተንዷል።

መጥፋት አንድ ነገር ነው፤ ሳይጠፋ መለወጥ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ብዙዎቻችን መረጃችንን የምንጽፈው በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ነው። ይህ ፕሮግራም ለሒሳብ ሹሞች እጅግ የሚመች ነው፤ ሆኖም ቀን የሚመስለውን ነገር ሁሉ ሳይጠይቅ ወደ ቀን ይለውጣል። እንበልና አንድ ተማሪ ከማርያም ሰፈር ያመጣውን 5ኛ ናሙና በላቲን ፊደል አሳጥሮ «ማር-5» ቢለው፥ ፕሮግራሙ የማርች ወር 5ኛ ቀን አድርጎ ይይዝበታል። ይህ በሊቃውንቱም ላይ ደርሷል። «ማርች 1» እና «ሴፕት 2» የሚባሉ የሰው ዘረ መሎች አሉ፤ ስማቸው በሠንጠረዥ ውስጥ ወደ ቀን እየተለወጠ እንደሚበላሽ በ2004 በጽሑፍ ተገልጾ ነበር። ይህ ከተነገረ ከ12 ዓመት በኋላ፥ በ2016 ማርክ ዚማንና ባልደረቦቹ እንደ ገና ቢመረምሩ፥ የዘረ መል ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ካወጡት ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ይኸው ስሕተት ተገኘባቸው። በመጨረሻ ምን ተደረገ ቢባል፥ የዘረ መል ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የዘረ መሎቹን ስም ለወጠ። በ2020 «ማርች 1» «ማርችኤፍ 1»፥ «ሴፕት 2» ደግሞ «ሴፕቲን 2» መባላቸው ለሁሉ ተነገረ። የፕሮግራሙ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ልውጠቱን ማጥፋት የሚቻልበትን ምርጫ የጨመረው በ2023 ነው። ሳይንስ ለአንድ የንግድ ዕቃ ጠባይ ሲል የራሱን ቋንቋ ሲለውጥ ማየት ያሳዝናል፤ ደግሞም ያስተምራል። ዕቃውን ከፍቶ የማስተካከል ሥልጣን በተጠቃሚው እጅ አልነበረምና።

ስሕተቱ ሰውን እስከ መጉዳት ሊደርስ እንደሚችልም ታይቷል። በዚያው በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፥ በእንግሊዝ አገር 15,841 የሕሙማን መዝገቦች ከዕለታዊው ቈጠራ ሳይገቡ ቀርተው ነበር። ምክንያቱ ከ65,536 መሥመር በላይ ሊይዝ የማይችል የቈየ የሠንጠረዥ ፎርማት ነው። ከዚያ በላይ የመጣው መረጃ ያለ አንዳች ድምፅ ተቈረጠ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር የተገናኙትም በጊዜው ሳይነገራቸው ቀሩ።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን እንመለስ፤ የእኛ ችግር ከዚህም ይከፋልና። ፈረንጆች 12 ወር ሲኖራቸው ለእኛ 13 ወር አለን፤ ቀኑ ለእነርሱ ከእኩለ ሌሊት ሲጀምር ለእኛ ከንጋት ይጀምራል። ይህ የሚያኰራን ሀብታችን ነው እንጂ ጉድለታችን አይደለም። ሆኖም በእኛ አቈጣጠር የተጻፈውን ስለ እኛ ምንም ለማያውቅ ፕሮግራም ስንሰጠው ምን እንደሚሆን ልብ እንበል። ጥር 8 ቀን ለማለት 8/5 ብለን ብንጽፍ፥ ማሽኑ እንደ አዘጋጀጁ ወይ ሜይ 8 ወይም ኦገስት 5 አድርጎ ይወስደዋል። ጥቅምት 28ን 28/2 ብንል ፌብሩዋሪ 28 ነው ብሎ ይቀበለናል። ጥቅምት 30ን 30/2 ስንል ግን እንዲህ ያለ ቀን በፌብሩዋሪ የለምና እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። እንግዲህ ባንድ ዐምድ ውስጥ ግማሹ የተሳሳተ ቀን፥ ግማሹ ቀን ያልሆነ ጽሑፍ ይሆናል ማለት ነው። ማሽኑ እንቢ ያለው ስሕተት ያስታውቃል፤ አሜን ብሎ የተቀበለው ግን ተሸሽጎ ይኖራል። የዝናብን ወራት ከወባ ትንኝ ብዛት ጋር ሊያስተያይ የተነሣ ተማሪ፥ ጥቅምትን ፌብሩዋሪ ካደረገ ከዚያ ወዲያ የሚስለው ግራፍ ሁሉ ተረት ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈልበት ፕሮግራም መፍትሔ ይሆነናል የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ እርስ በርሳችን እውነቱን እንነጋገር። ከእኛ መካከል የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ገዝቶ የሚጠቀም ማነው? ዋጋው የአንድ ቤተ ሰብ ቀለብ ነው። ስለዚህ በየዶርሙ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚተላለፈውን፥ ቊልፉ የተሰበረውን «ክራክ» እንጭናለን። ከእርሱ ጋር ቫይረሱም አብሮ ይገባል፤ ቫይረሱም ደብተር የሌለውን መረጃ ይዞ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ሲበላሽ ባለቤቱን ለመጠየቅ አፍ የለንም። በተሲሳችን የአሠራር ምዕራፍ ላይ የፕሮግራሙን ስም ስንጽፍ የተሰረቀ መሆኑን አንጽፍም። ሹም ጉቦ በላ፥ ነጋዴ ሚዛን ቀሸበ እያልን በየካፍቴሪያው የምንከራከር እኛ፥ የመጀመሪያውን የሳይንስ ሥራችንን በሰው ንብረት ላይ መመሥረታችን ሊያሳስበን ይገባል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ይልቁንም የሰው ወርቅ አስፈላጊ ባልሆነበት ቦታ!

አስፈላጊ አይደለም ያልነው በምክንያት ነው። ኦፕን ሶርስ፥ ማለት ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም የሚባል ነገር አለ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ ለማንም ሰው ይገለጣል፤ የፈለገ ያነብበዋል፥ ይገለብጠዋል፥ ያሻሽለዋል፥ ያሻሻለውንም ለሌላው ይሰጣል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ይህን ሐሳብ መሠረት አድርጎ በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ሲጀምር ብዙዎች እንደ ሕልም ቈጥረውት ነበር። ዛሬ ግን በዓለም ላይ ብዙ የሳይንስ ሥራ በዚህ ዐይነት ፕሮግራም ይሠራል። ለምሳሌ አር የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ የተወለደው በኒው ዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፥ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን የተባሉ ሁለት መምህራን ለተማሪዎቻቸው ማስተማሪያ ሲሉ ያዘጋጁት ነው። በ1995 በነጻ ፈቃድ ለዓለም ከሰጡት ወዲህ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች እያከሉበት አሁን ካለበት ደርሷል። ሁለት መምህራን በአንድ ሩቅ ደሴት የጀመሩት ነገር መሆኑን ልብ ይሏል።

ክፍት መሆኑ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ከላይ ያነሣነው የቀን አቈጣጠር ነገር ለዚህ ደኅና ምስክር ነው። ኦ ዲ ኬ የተባለ፥ በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፥ በስልክ ላይ መረጃ የሚመዘገብበት ክፍት ፕሮግራም አለ። ያለ ኢንተርኔት በገጠር ይሠራል፤ የተመዘገበውንም መሥመር ሲገኝ ያስተላልፋል። በዚህ ፕሮግራም ቅጹን የሚያዘጋጀው ሰው በቀኑ ጥያቄ አንጻር አንዲት ቃል ቢጽፍ፥ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለው የኢትዮጵያ አቈጣጠር በስልኩ ላይ ይወጣል። መዝጋቢው ጥር 8 ሲል፥ ፕሮግራሙ ትክክለኛውን የአውሮፓ ቀን ራሱ አስልቶ ያስቀምጣል። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው፥ የአገራችን ጤና ሚኒስቴርም የጤና ተቋሞችን መረጃ ለመሰብሰብ የሚጠቀምበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው ክፍት ፕሮግራምም የኢትዮጵያን አቈጣጠር ያውቃል። የተዘጋ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ 13ኛ ወር እንዲጨመርልን ደጅ እንጠና ነበር። በተከፈተው ግን የሚያስፈልገው ሰው ራሱ ሊጨምረው ይችላል። በሰው ደጅ መቆምና በገዛ ጓዳ መሥራት ልዩነቱ ይህ ነው።

ለላቦራቶሪ ደብተርም እንዲሁ የተዘጋጀ አለ። ኢላብ ኤፍ ቲ ደብልዩ የሚባለው ፕሮግራም በፓሪስ በኩሪ ኢንስቲትዩት ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ሲሠራበት ቈይቶ ለዓለም የተከፈተ ነው። በላቦራቶሪው አንድ ኮምፒዩተር ላይ ይጫናል፤ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች በውስጥ መሥመር ይገቡበታል፤ የውጭ ኢንተርኔት መቈራረጥ ሥራውን አያስቆመውም። ተማሪው እያንዳንዱን ሙከራ ሲጽፍ ቀኑና ሰዓቱ፥ የጻፈውም ሰው ስም አብሮ ይመዘገባል። የተጻፈው ቢለወጥ የቀድሞው አይጠፋም፤ ሁለቱም ይታያሉ። ናሙናዎችና ኬሚካሎችም ከሙከራው ጋር ተያይዘው ይቀመጣሉ። ወንድማችን በዚህ መዝገብ ጽፎ ቢሆን ኖሮ «10 ገባ፥ 4 ተነበበ» የሚለውን ማን በስንት ሰዓት እንደ ጻፈው በተገኘ ነበር፤ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባል ሠንጠረዥም ባላስፈለገ ነበር።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ነጻ ፕሮግራም ብቻውን ከስሕተት ያድናል ብለን አንሰብክም። ሊብረ ኦፊስ የተባለው ክፍት ሠንጠረዥም ካልተጠነቀቁለት «ማር-5»ን ቀን ሊያደርገው ይችላል። ኢላብም የተኛ ተማሪን ቀስቅሶ አያስጽፍም። እኛ የምንለው፥ ዕቃው ክፍት ሲሆን ስሕተቱ የት እንዳለ መመርመር ይቻላል፤ መረጃውም የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይነበባል ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን ብሔራዊ ዕፀዋት ቤት ያየ ሰው ይህን በቶሎ ይረዳዋል። እያንዳንዱ የደረቀ ተክል በወረቀት ላይ ተለጥፎ፥ ማን እንደ ሰበሰበው፥ የትና መቼ እንደ ሆነ፥ የቦታው ከፍታ ስንት እንደ ሆነ በግርጌው ተጽፎበታል። ሰብሳቢው ቢያልፍም ወረቀቱን ለማንበብ የማንም ፈቃድ፥ የማንም ቊልፍ አያስፈልግም፤ ዐይን ብቻ ይበቃል። የኮምፒዩተር መረጃም እንዲሁ መሆን ይችላል። ዐምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል፥ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ይከፈታል። ብዛት ላለው መረጃ ደግሞ ኤስ ኪው ላይት የተባለው ክፍት የመረጃ ቋት ሁሉንም ባንድ ፋይል ይይዛል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም መረጃን ለረጅም ዘመን ለማስቀመጥ ከሚመክራቸው ዐይነቶች አንዱ ይኸው ነው።

አሁን የሚነሡብንን ተቃውሞዎች እንመልከት። አንዳንዶች «ኦፕን ሶርስ ከተጠቀምን መረጃችን ለዓለም ሁሉ ይገለጣል፤ ሥራችንንም ይሰርቁናል» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። አንድ ግንበኛ የቤቱን ንድፍ ለሁሉ ቢያሳይ፥ በቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ለሁሉ ተከፈተ ማለት አይደለም። የተከፈተው የፕሮግራሙ ንድፍ ነው፤ መረጃችን በራሳችን ኮምፒዩተር፥ በራሳችን ቊልፍ ይቀመጣል። እንዲያውም መረጃችንን በማናውቀው አገር በሚገኝ ኩባንያ ኮምፒዩተር ላይ በነጻ ስናስቀምጥ ነው ይበልጥ ልንሰጋ የሚገባን።

ሌሎች ደግሞ «ነጻ ነገር ዋጋ የለውም፤ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነጻ ማለት ያለ ድካም ማለት አይደለም። ኮምፒዩተሩን የሚጠብቅ፥ ቅጂ የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚሁ ግቢ ውስጥ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያቸው የሚሆን ሥራ አጥተው ማንም የማይጠቀምበትን የሆቴል መዝገብ ፕሮግራም በየዓመቱ ሲሠሩ እናያለን። በአንድ ሕንፃ ችግር፥ በሌላው ሕንፃ ሥራ ፈላጊ አለ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁለት መቶ ርምጃ ነው። የተዘጋ ፕሮግራም ለእነርሱ ምንም አያስተምራቸውም፤ ክፍቱ ግን ትምህርት ቤት ነው።

«መብራት ይጠፋል፤ ደብተራችን ይበቃናል» የሚሉም አሉ። እነዚህን እናከብራቸዋለን። ደብተር ይቅር አላልንም፤ መብራት ሲጠፋ በደብተር ተጽፎ ሲመጣ መገልበጥ ይቻላል። ሆኖም አንድ ደብተር ቡና ቢፈስበት ሁለተኛ የለውም፤ አንድ ፋይል ግን በሦስት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለቱ አይጣሉም፤ ይረዳዳሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የአስተዳደሩን ደብዳቤ ከመጠበቅ በፊት ራሳችን ልንጀምረው የምንችለው ብዙ ነው።

አንደኛ፥ ከዛሬ ጀምሮ ቀን ስንጽፍ ዓመቱን አስቀድመን፥ ወሩን አስከትለን፥ ቀኑን በመጨረሻ እንጻፍ፤ በማን አቈጣጠር እንደ ሆነም በዐምዱ ራስ ላይ እናመልክት። ሰዓት ስንጽፍም የእኛ ይሁን የፈረንጅ ለይተን እንግለጽ። ይህ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ የእኛን ሁለት ወር ግን ባዳነልን ነበር።

ሁለተኛ፥ ጥሬ መረጃ አንዴ ከተጻፈ በኋላ አይነካ። ማስተካከል ሲያስፈልግ በቅጂው ላይ፥ ይልቁንም በአር በተጻፈ ትእዛዝ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ምን እንደ ተለወጠና ስለ ምን እንደ ተለወጠ መሥመር በመሥመር ይነበባል።

ሦስተኛ፥ ከመረጃው ጋር አንዲት የመፍቻ ገጽ ትኑር። እያንዳንዱ ዐምድ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ መለኪያው ሚሊ ሜትር ይሁን ሳንቲ ሜትር፥ «ማ» ማርያም ሰፈር ትሁን ማርቆስ ሰፈር ይጻፍባት።

አራተኛ፥ የትምህርት ክፍላችን የተጠረዘውን ተሲስ ሲቀበል ጥሬ መረጃውንም አብሮ እንዲቀበል እንጠይቅ። ተሲሱ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ የተመሠረተበት መረጃ ከተመራቂው ላብቶፕ ጋር መሄዱ ይቁም። የሰው ጤንነት ምስጢር ያለበት መረጃ እንደ ሥነ ምግባር ደንቡ ይጠበቅ፤ ሌላው ግን ለታናናሾቻችን ይድረስ።

አምስተኛ፥ የተማሪዎች ኅብረታችን አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና አንድ ክፍል ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲፈቀድልን ያስፈጽምልን። የባዮሎጂና የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ባንድነት ተቀምጠው ኢላብን ይጫኑ፤ አርን ይማማሩ፤ ለቆላ ጉዞ የሚሆን የኦ ዲ ኬ ቅጽ በአማርኛ ያዘጋጁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚለን ካለ የአክሊሉ ለማን ነገር እናስታውሰው። በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር እንዶድ ይዘው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ካሉበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። እንዶድን የሚያውቅ፥ የሞተ ቀንድ አውጣም ያየ ሰው ከእርሱ በፊት ብዙ ነበር። አክሊሉ ግን በዚህ አልቆመም፤ በላቦራቶሪ ፈተነው፥ ለካው፥ ጻፈው። የእንዶድ ነገር ከወንዝ ዳር ወሬ አልፎ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለማጥፋት የሚረዳ ሳይንስ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ማየት ለሁሉ ተሰጥቷል፤ ያዩትን ሌላው ሊመረምረው እንዲችል አድርጎ ማስቀመጥ ግን የሳይንስ ሰው ግዴታ ነው።

እኛም ወተት የሰጡን እናቶች ዘንድ ሁለተኛ ጊዜ ሄደናል። ምን እንደ ሆነ በእውነት ነገርናቸው፤ አንዷ ስቀው «ልጆቼ፥ እኛስ የላሟን መውለጃ እንኳ በግድግዳ ላይ በከሰል እንጽፋለን» አሉን። አፈርን። በዚህ ጊዜ ግን የሰጡን ወተት በሦስት ቦታ ተመዝግቧል፤ ቀኑም ሰዓቱም ለማንም ይነበባል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ከሥሩ አይጀምርም። በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው፥ ወራሹ ሊከፍተውና ሊያነብበው ሲችል ብቻ ነው።